ፕሪም በደሴ ጓሮ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮክ ለደሴ ግቢዎች አዲስ አይደለም። ፕሪም ግን ገና እየተለመደ ያለ ዛፍ ነው። ችግኝ ገዝተው የተከሉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት ቅሬታ አንድ ነው፦ «ዛፉ አደገ፣ አማረ፣ ግን አያፈራም።» አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የአፈሩም የውሃውም አይደለም። ዝርያው ከግቢው ብርድ ጋር አልተስማማም። ስለዚህ ከታች ካሉት መልሶች ብዙዎቹ ዞረው ዞረው ብርዱ ጋ ይመጣሉ።

ለመሆኑ ደሴ ላይ ፕሪም ያፈራል?

አዎ፣ ያፈራል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የጦሳ ተራራ ብርድ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ቀዝቃዛ ሌሊት፣ የክረምቱ ዝናብ፣ ሁሉም ለፕሪም ይመቻል። ዳገቱም ጥቅም አለው። ዳገት ላይ ውሃ አይተኛም። ፕሪም ደግሞ ሥሩ ውሃ ውስጥ ከቆመ ቶሎ ይሞታል።

ደሴ ዙሪያ ሁሉም ቦታ ግን እኩል አይደለም። ቦሩ ሜዳ ሜዳማ ስለሆነ ቀዝቃዛው አየር ሌሊቱን እዚያው ተኝቶ ያድራል። ውርጩም ይበረታል። ከተማው ውስጥ ዳገት ላይ ያለ ግቢ ቀዝቃዛው አየር ወደ ታች ስለሚፈስለት ውርጭ ይቀልለታል። ወደ ሐይቅ ሲኬድ ደግሞ አየሩ ይለዝባል። ከመትከላችሁ በፊት ታኅሣሥ ላይ ማለዳ ተነስታችሁ ግቢያችሁን ዞር ዞር ብላችሁ እዩት። ሣሩ ላይ ነጭ አመዳይ የሚያድርበት ጥግ የት ነው? ፀሐይ መጀመሪያ የምትደርሰውስ የት ነው? ይህን ያወቀ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

ፕሪም ብርድ ለምን ያስፈልገዋል?

ፕሪም የመጣው በብርዱ ወራት በረዶ ከሚጥልባቸው አገሮች ነው። እዚያ ዛፉ ብርዱ ሲመጣ ቅጠሉን አራግፎ ያርፋል። የሚቀጥለው ዓመት አበባ እምቡጡ ውስጥ ተሸፍኖ ይቆያል። እምቡጡ በትክክል የሚከፈተው ዛፉ በቂ ቀዝቃዛ ሰዓት ካጠራቀመ በኋላ ነው። የተለመደው አቆጣጠር ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ያሉትን ሰዓታት መደመር ነው። 200 ሰዓት የሚበቃው ዝርያ አለ። 1,000 ሰዓት የሚፈልግም አለ።

«እኛ እዚህ በብርድ እየተንቀጠቀጥን እንዴት ዛፉ ብርድ ያንሰዋል?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። የደሴ ሌሊት ቀዝቃዛ ነው፤ የበጋው ቀን ግን ፀሐያማ ነው። ቀን ላይ ሙቀቱ 20 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን ሌሊት የተጠራቀመውን ብርድ በከፊል ያፈርሰዋል። ዛፉ ሌሊት ያገኘውን ቀን ያጣል። በዚያ ላይ አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም። ስለዚህ ዛፉ «አሁን ዕረፍት ነው» የሚያሰኘው ጠንካራ ምልክት አያገኝም።

ብርድ ያነሰውን ዛፍ በዓይን መለየት ይቻላል። አበባው በአንድ ጊዜ አይፈነዳም፤ ዛሬ አንድ ቦታ፣ ከሳምንታት በኋላ ሌላ ቦታ ያብባል። ቅርንጫፎቹ ረዣዥምና መላጣ ይሆናሉ፤ ቅጠል የሚታየው ጫፋቸው ላይ ብቻ ነው። ብዙ እምቡጥም ሳይከፈት ደርቆ ይረግፋል። ይህን ምልክት ያያችሁ ሰዎች ማዳበሪያ አትጨምሩ። ዛፉ የራበው ምግብ አይደለም።

ታዲያ የትኛውን ዝርያ ልግዛ?

በሰፊው የሚታወቁት የፕሪም ወገኖች ሁለት ናቸው። አንዱ የአውሮፓ ፕሪም ይባላል። ሞላላ፣ ሥጋው ጠንከር ያለ፣ ለማድረቅ የሚመች ነው። ብዙዎቹ ዝርያዎቹ ከ700 ሰዓት በላይ ብርድ ይፈልጋሉ። ለደሴ ግቢ አልመክረውም። ቅጠሉ ያምራል፣ ጥላውም ጥሩ ነው፣ ፍሬ ግን ስትጠብቁ ዓመታት ይነጉዳሉ።

ሁለተኛው የጃፓን ፕሪም የሚባለው ነው። ጥንተ መገኛው ቻይና ነው። ክብ፣ ውሃ የሞላው፣ ቀይ ወይም ጠቆር ያለ ወይም ቢጫ ፍሬ አለው። የብርድ ፍላጎቱ አነስተኛ ስለሆነ ለእኛ የሚሆነው ይህ ነው። ከዚህ ወገን ሜትሊ የተባለው ዝርያ ከ150 እስከ 250 ሰዓት አካባቢ ይበቃዋል። ቢዩቲም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሳንታ ሮሳ ከ300 እስከ 400 ሰዓት አካባቢ ይፈልጋል። ሉተር በርባንክ የተባለው አሜሪካዊ አዳቃይ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ውስጥ ያወጣው ዝርያ ነው። ጣዕሙ ከሁሉም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ከፍ ያለና ቀዝቀዝ ያለ ግቢ ላላችሁ እንጂ ለሁሉም አይሆንም። አንድ ዛፍ ብቻ የምትተክሉ ከሆነ ሜትሊን አስቀድሙ።

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ለእኔስ?

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ኮምቦልቻ ለፕሪም ምቹ አይደለችም። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። ከፍታዋ ግን 1,850 ሜትር አካባቢ ነው። ቁልቁለቱን የወረደ ሰው ሁሉ ጃኬቱን የሚያወልቀው በከንቱ አይደለም። ብርዱ አይበቃም። ግድ መሞከር አለብኝ ካላችሁ በጣም ዝቅተኛ ብርድ የሚበቃውን ሜትሊን ብቻ፣ ያውም ግቢያችሁ ወደ ተራራው ወገን ከፍ ያለ ከሆነ ሞክሩት። ካልሆነ ለኮምቦልቻ አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ዘይቱን፣ ብርቱካን አለላችሁ። እነዚህ ደግሞ ደሴ ላይ በብርድ የሚሰቃዩ ዛፎች ናቸው። ደሴ ፕሪሙን፣ ኮምቦልቻ ማንጎውን ቢይዝ ዘመድ ለዘመድ ሲሄድ ባዶ እጁን አይሄድም።

ፍሬውን በልቼ ዘሩን ብተክለውስ?

ይበቅላል። ግን የበላችሁትን ፕሪም አይሰጣችሁም። ከዘር የሚበቅል ፕሪም ከእናቱ ይለያል፤ ጎምዛዛ ወይም ደቃቅ ፍሬ ሊሰጥ ይችላል። ለማፍራትም 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊያስጠብቅ ይችላል። ዘሩም ራሱ ብርድ ካላገኘ አይበቅልም። እርጥብ አሸዋ ውስጥ አድርጎ ከ2 እስከ 3 ወር ፍሪጅ ውስጥ ማቆየት ያስፈልጋል።

ከዘር የበቀለው ጥቅም የለውም ማለት ግን አይደለም። ጥሩ ዝርያ ሊዳቀልበት፣ ማለትም ከጥሩ ዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ግንዱ ላይ ሊገጠምበት ይችላል። ኮክም እንዲሁ ነው። ብዙዎቹ የጃፓን ፕሪም ዝርያዎች ከኮክ ሥር ጋር ይስማማሉ። ጓሮው ውስጥ ከዘር የበቀለ ወጣት የኮክ ተክል ያለው ሰው በብርዱ ወራት መጨረሻ ከጥሩ ፕሪም ዛፍ የእርሳስ ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ አስቆርጦ ሊያዳቅልበት ይችላል። ማዳቀል የማያውቅ ሰው ከሚያውቅ ጎን ቆሞ እጁን ቢያይ ይሻለዋል። ይህ በጽሑፍ ብቻ የሚለመድ ሙያ አይደለም።

ችግኝ ስገዛ ምኑን ልይ?

መጀመሪያ ስሙን ጠይቁ። «ፕሪም ነው» አይበቃም፤ የትኛው ፕሪም? ሻጩ የዝርያውን ስም ካልነገራችሁ፣ የእናቱ ዛፍ የት እንዳለና በየትኛው ወር እንደሚያፈራ ጠይቁት። በተቻለ መጠን እንደ ደሴ ከፍታ ባለው ቦታ ሲያፈራ ከታየ ዛፍ የተዳቀለ ይሁን። የደጋ ፍሬ ችግኝ በማፍላት ስም ካላቸው ቦታዎች በጋሞ ደጋ ያለችው ጨንቻ አንዷ ናት፤ በአፕል ይበልጥ ትታወቃለች። የሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከልም በደጋ ፍራፍሬ ላይ ይሠራል። ከሩቅ የመጣ ችግኝ ሲያጋጥማችሁ ከየት ተነሳ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ቀጥሎ ግንዱን እዩ። ከአፈሩ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ የተዳቀለበት ጠባሳ መታየት አለበት። ጠባሳ ከሌለው ከዘር የበቀለ ሊሆን ይችላልና ዋጋውን አስቡበት። ጠባሳው በደንብ የገጠመ፣ ያልተሰነጠቀ፣ ሙጫ የማይወጣው ይሁን። ከጠባሳው በታች የበቀለ ቅርንጫፍ ካለ የተዳቀለበት ተክል ነው፤ ይቆረጣል። ሥሩ ፕላስቲኩ ውስጥ ክብ ሠርቶ የተጠመዘዘ ችግኝ ቁመቱ ቢያምርም አትግዙት። እኔ ሁልጊዜ ከረጅሙ ይልቅ አጭርና ወፍራሙን እመርጣለሁ።

አንድ ዛፍ ብቻውን ያፈራል?

እንደ ዝርያው ነው። ሜትሊና ቢዩቲ ብቻቸውን ያፈራሉ። ሳንታ ሮሳም ለብቻው የተወሰነ ያፈራል፤ ጓደኛ ካገኘ ግን ይበልጥ ይሰጣል። እንደ ሳትሱማና በርባንክ ያሉት ዝርያዎች ግን ሌላ የጃፓን ፕሪም አጠገባቸው ካላበበ እምብዛም አያፈሩም። ጓደኛው ዛፍ በተመሳሳይ ጊዜ ማበብ አለበት። የአውሮፓ ፕሪም ለጃፓኑ ጓደኛ አይሆነውም።

ለሁለት ዛፍ ቦታ ከሌላችሁ ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩ። እናንተ ሜትሊ፣ እነሱ ሳንታ ሮሳ ይትከሉ። ንብ አጥር አታውቅም። በአንድ ዛፍ ላይ ሁለት ዝርያ ማዳቀልም ይቻላል፤ ለጠባብ ግቢ ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ ይህ ይመስለኛል።

ግቢዬ ጠባብም ዳገትም ነው። የት ልትከለው?

በቀን ቢያንስ ለ6 ሰዓት፣ ቢቻል ለ8 ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ምረጡ። ከቤቱ መሠረት ከ3 እስከ 4 ሜትር ይራቅ። ከሽንት ቤት ጉድጓድም ይራቅ። ሁለት ዛፍ ከሆነ በመካከላቸው ከ4 እስከ 5 ሜትር ተዉ። እርከን ያለበት ግቢ ከሆነ ከእርከኑ ጫፍ ትንሽ ገባ ብላችሁ ትከሉ፤ ጫፉ ላይ ከተተከለ አፈሩ ይሸረሸርና ሥሩ ይጋለጣል።

ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ወይም ቆርቆሮ አጥር ሥር አትትከሉ። ቆርቆሮው ሙቀቱን መልሶ ዛፉ ላይ ይተፋዋል። እኛ ደግሞ ለዚህ ዛፍ ብርድ እየለመንን ነው።

መቼ ልትከል? ጉድጓዱስ?

ክረምቱ ሲገባ፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ። ጉድጓዱን ግን ቢያንስ ከወር በፊት ግንቦት ላይ ቆፍሩት። በሁሉም አቅጣጫ 60 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ ድንጋያማ ከሆነ ሰፋ አድርጉት። የላይኛውን ጥቁር አፈር ለብቻው፣ የታችኛውን ለብቻው አስቀምጡ። ሲተከል የላይኛው አፈር ከአንድ ወይም ሁለት ባልዲ በደንብ ከበሰበሰ ኮምፖስት ጋር ተቀላቅሎ ከታች ይገባል። ያልበሰበሰ ፍግ ሥሩን ያቃጥለዋል።

አፈሩ ዋልካ ከሆነ ጉድጓድ ከመቆፈር ይልቅ ጉብታ ሠርታችሁ ላዩ ላይ ትከሉት። ጉብታው 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል ጥሩ ነው። የኮክ ሥር ላይ የተዳቀለ ፕሪም ዋልካ ውስጥ ክረምቱን ሙሉ ከቆመ እስከ መስከረም ላይዘልቅ ይችላል።

የተዳቀለበት ጠባሳ ከአፈሩ በላይ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቅር። አፈር ከለበሰ የላይኛው ክፍል የራሱን ሥር ያወጣና ማዳቀሉ ከንቱ ይሆናል። ከተከላችሁ በኋላ አፈሩን በእግራችሁ በቀስታ ረግጡት፣ ውሃ አጠጡት፣ ድጋፍ እንጨት አቁሙለት። ከዚያ ግንዱን ከ60 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ላይ ቁረጡት። ብዙ ሰው ይህን ለማድረግ ያሳሳዋል። አብሽሩ፣ ካልተቆረጠ ቅርንጫፎቹ የሚወጡት ከራስ በላይ ነው፤ ለመልቀምም መሰላል ያስፈልጋል።

ውሃ በየስንት ጊዜ?

በክረምት ሰማዩ ይበቃል። ከጥቅምት ጀምሮ ለአዲስ ተክል በሳምንት አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስጡት። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከማርከፍከፍ አንድ ጊዜ አጥልቆ ማጠጣት ይሻላል። ዙሪያውን ጭድ ወይም ደረቅ ሣር ጎዝጉዙለት፤ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን አይንካው። የሳሙና እጣቢ አታፍሱበት። የቧንቧ ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ላላችሁ፣ አትክልት የታጠበበትን ውሃ አጠራቅሙለት።

ካደገ በኋላ ውሃ በጣም የሚያስፈልገው ካበበ ጀምሮ ፍሬው እስኪበስል ነው። የበልግ ዝናብ ከመጣ ያግዛል። ከቀረ ግን እናንተ ተኩለት።

ማዳበሪያስ?

በዓመት አንድ ጊዜ፣ ዕረፍቱን ጨርሶ ሊነቃ ሲል፣ ሁለት ባልዲ ኮምፖስት በቅርንጫፎቹ ጥላ ልክ ዙሪያውን በትኑለት። ዩሪያ ካላችሁ ለወጣት ዛፍ 50 ግራም ያህል በአንድ ጊዜ ይበቃል፤ ከግንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ራቅ አድርጎ፣ እርጥብ አፈር ላይ። ከነሐሴ በኋላ ግን ዩሪያ አትስጡ። ዘግይቶ የበላ ዛፍ ኅዳር ላይ ገና ለጋ ቅጠል ሲያወጣ ይገኛል። ማረፍ ባለበት ሰዓት እያደገ ነው ማለት ነው።

ታኅሣሥ ደረሰ፣ ዛፌ ግን ቅጠሉን አላራገፈም። ችግር አለው?

አለው። ደሴ ላይ ፍሬ በማየትና ባለማየት መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። ቅጠሉን ያልጣለ ዛፍ በደንብ አያርፍም። ስለዚህ እንዲያርፍ እናግዘዋለን። ሞቃት ደጋዎች ላይ ያሉ የአፕል ገበሬዎችም የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው።

ከኅዳር መግቢያ ጀምሮ ላደገ ዛፍ ውሃውን ቀንሱ፣ ከዚያ አቁሙ። ወጣት ዛፍ ከሆነ፣ አንድ ወይም ሁለት ዓመቱ ከሆነ፣ አታቁሙ፤ ቀንሱ ብቻ። ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ካልረገፈ በእጃችሁ አራግፉት። ቅጠሉን ወደ ታች መመንጨቅ ከሥሩ ያለውን እምቡጥ ይዞት ይወርዳል። የሚመጣው ዓመት ፍሬ እዚያ እምቡጥ ውስጥ ነው። ስለዚህ ወይ ቅጠሉን ወደ ቅርንጫፉ ጫፍ አቅጣጫ በቀስታ ሳቡት፣ ወይ በመቀስ ቆርጣችሁ አጭር እጀታውን ተዉለት። እጀታው ራሱ ከቀናት በኋላ ይወድቃል። ሥራው እጅ ይፈጃል። ልጆች ካሉ ከአንድ ከሰዓት በኋላ አያልፍም።

ከዚያ ዛፉን ተዉት። ራቁቱን ይቁም። ብርዱን ይጠጣ። ጥር መጨረሻ ላይ እምቡጡ ማበጥ ሲጀምር ውሃውን በደንብ መልሱለት። ውሃ በድንገት ሲያገኝ አበባው ተሰብስቦ በአንድ ሰሞን ይፈነዳል። አበባ በአንድ ሰሞን ሲሆን ንብም ትበረታለች፣ ፍሬውም እኩል ይበስላል።

መግረዝ ያስፈልጋል?

ያስፈልጋል፤ በደረቁ ወራት፣ ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ። ሲተከል ከሚደረገው ቆረጣ በቀር በክረምት አትግረዙ። እርጥብ ቁስል ለበሽታ በር ይከፍታል።

በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት የምንፈልገው ዛፉ መሃሉ ክፍት ሆኖ እንደ ጎድጓዳ ሳህን እንዲሆን ነው። በተለያየ አቅጣጫ የወጡ 3 ወይም 4 ጠንካራ ቅርንጫፎችን አስቀሩ፣ ሌላውን ቁረጡ። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚተኮሰውን ቅርንጫፍ በሲባጎ ወደ ጎን ሳብ አድርጋችሁ እሰሩት። የተኛ ቅርንጫፍ ቶሎ ያፈራል፤ የቆመው ግን ቅጠል ብቻ ነው የሚያበዛው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የደረቀውን፣ የተሻገረውን፣ መሃል የገባውን ማውጣት ይበቃል። የጃፓን ፕሪም ባለፈው ዓመት ባደገ ቅርንጫፍና በአጫጭር ጎባጣ ቅርንጫፎች ላይ ነው የሚያፈራው። እነዚያን አጫጭሮች «ምን ያደርጋሉ» ብላችሁ እንዳትላጩዋቸው።

አበባው ሞልቶ ነበር፣ ፍሬ ግን አልያዘም። ለምን?

ሦስት ነገር ጠርጥሩ። አንደኛ፣ ጓደኛ ዛፍ ማጣት። ሁለተኛ፣ ውርጭ። የተከፈተ አበባ ከዜሮ በታች ወደ 2 ዲግሪ ሲደርስ መጎዳት ይጀምራል። አበባውን ስትከፍቱት መሃሉ ጠቁሮ ካገኛችሁት ውርጭ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ በሌለበት ምሽት ትንሽ ዛፍን በአሮጌ ጋቢ ወይም በጆንያ ሸፍናችሁ አሳድሩት፣ ጠዋት ግለጡት። ሦስተኛ፣ የንብ መጥፋት። በአበባ ሰሞን ዝናብ ከጣለ ንብ አትወጣም። ዛፉ ሲያብብ ምንም ዓይነት መድኃኒት አትርጩ። ወሎ የማር አገር ነው፤ ንብ የገደለ ሰው ለጎረቤቱ ቀፎም ተጠያቂ ነው።

ፍሬው ብዙ ነው፣ ግን ደቃቅ። ምን ላድርግ?

ቀንሱት። ፍሬው የአውራ ጣት ጥፍር ሲያክል በመካከሉ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር እየተዋችሁ ሌላውን ልቀሙና ጣሉ። ያሳዝናል፣ አውቃለሁ። ግን ሳይቀነስ የቀረ ዛፍ ቅርንጫፉ ይገነጠላል፣ በሚቀጥለው ዓመትም ደክሞት ሊያርፍ ይችላል።

ቅጠሉ ተጠቅልሏል፣ ፍሬው ይተላል፣ ግንዱ ሙጫ ያወጣል።

ሦስቱ የተለያዩ ናቸው።

ቅጠሉ ተጠቅልሎ ከሥሩ ጥቃቅን አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነፍሳት ካሉ ክሽክሽ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ወይም ሁለት ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ አመሻሽ ላይ የቅጠሉን ሥር እርጩት። የልብስ ዱቄት ሳሙና አይሁን፤ ቅጠሉን ይለበልበዋል። ግንዱ ላይ ጉንዳን ሲመላለስ ካያችሁ መንገዱን ዝጉበት፤ የክሽክሹን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚወድ ጠላቶቹን እያባረረ ይጠብቀዋል። ቀይ ጀርባ ላይ ጥቁር ነጥብ ያላትን ትንሽ ጥንዚዛ ግን አትንኳት፤ ክሽክሽ በልታ ነው የምትኖረው።

ፍሬው ውስጥ ያለው ትል የፍራፍሬ ዝንብ ልጅ ነው። ዝንቧ ሊበስል ሲል ቆዳውን ወግታ እንቁላሏን ትጥላለች። ዋናው መከላከያ ጽዳት ነው። የወደቀውን ፍሬ በየቀኑ ልቀሙ። ዛፉ ሥር አትተዉት፣ ኮምፖስት ውስጥም አትጣሉት። ጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ አስራችሁ ፀሐይ ላይ አቆዩት ወይም ግማሽ ሜትር ቆፍራችሁ ቅበሩት። ለጥቂት ዛፍ ፍሬውን በቀጭን ጨርቅ ከረጢት ማልበስ ከማንኛውም መድኃኒት ይሻላል፤ ከወፍም ያድናል። ዛፉ ላይ ደርቆ የተንጠለጠለ ፍሬም የብስባሽ በሽታ መጠለያ ነው፤ አውርዳችሁ አቃጥሉት።

ሙጫ የቁስል ምልክት ነው። በዶማ ተመትቶ፣ ውሃ ተኝቶበት ወይም ግንዱ ውስጥ ትል ገብቶ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ሥሩ ጋ ያለውን ውሃ እዩ። ግንዱ ላይ ቀዳዳና ዱቄት የመሰለ ብናኝ ካለ ትሉን በቀጭን ሽቦ አውጡት። የሞተውን ቅርንጫፍ እስከ ጤናማው ድረስ ቆርጣችሁ መቀሱን በአልኮል ወይም በበረኪና ጥረጉ።

መቼ ያፈራል? መድረሱንስ በምን አውቃለሁ?

የተዳቀለ ችግኝ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ዓመት ይጀምራል። በደንብ የተያዘ ያደገ ዛፍ ከ20 እስከ 40 ኪሎ ሊሰጥ ይችላል። ከአበባ እስከ ፍሬ እንደ ዝርያው ከ3 እስከ 4 ወር ነው።

ቀለሙ ብቻ አያታልላችሁ። ጫን ስትሉት በተለይ ጫፉ ላይ ለስለስ ማለት አለበት። ቅመሱ። ለገበያ ወይም ለዘመድ የሚላክ ከሆነ ትንሽ ጠንከር እንዳለ ይለቀም፤ የጃፓን ፕሪም ቤት ውስጥም ይበስላል። ላዩ ላይ ያለው ነጭ ዱቄት መሰል ነገር የራሱ ሽፋን ነው፤ እስክትበሉት ድረስ አትጠቡት።

ሲበዛባችሁ ማርማላታ ሥሩ። አንድ ኪሎ ዘሩ የወጣለት ፕሪም፣ ከ600 እስከ 700 ግራም ስኳር፣ ትንሽ ሎሚ። ፕሪም በራሱ ስለሚረጋ ሌላ ማርጊያ አይፈልግም። ቆዳውን አትላጡ፤ ቀለሙም ጎምዘዝ የሚለው ጣዕሙም እሱ ላይ ነው። የዘሩን ውስጥ ግን ሰብራችሁ አትጨምሩ፤ መርዛማ ነገር አለው።

የተገረዘውን ቅርንጫፍና ቅጠል ለበግ መስጠት ይቻላል?

አይቻልም። የፕሪምም የኮክም ቅጠል፣ በተለይ ጠውልጎ ሳይደርቅ፣ ሆዳቸው ውስጥ ሲያናይድ የሚባለውን መርዝ ይፈጥራል። በግ፣ ፍየል፣ ላም፣ ሁሉንም ይጎዳል። ለበዓል የታሰረ በግ ካላችሁ ከዛፉ አርቃችሁ እሰሩት። የተቆረጠውን ሰብስባችሁ እንስሳ የማይደርስበት ጥግ አድርቁት። ወፍራም ወፍራሙ እንጨት ለምድጃ ይሆናል።